የአሰልጣኙ ቤት ይሸጣል

ያን ዓመት አራተኛውን ጨዋታ አርባ አንድ ለሦስት በተሸነፍን ማግስት፣ እሑድ ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ ግቢያችን ሣር ላይ ሰሌዳ ተተክሎ አየሁ። «ይህ ቤት ይሸጣል» ይላል፣ በቀይ ቀለም።

ባሌ ዌንደል ስትራውድ ካንሳስ ውስጥ ኦርዴል በምትባል ከተማ የኮሌጁ ፉትቦል ቡድን ዋና አሰልጣኝ ነበር፤ ኳሷን በእጅ እየወረወሩና ታቅፈው እየሮጡ የሚጫወቱት የአሜሪካኑ ፉትቦል። ሁለተኛ ዓመቱ ነው። የዚህ አገር ሰው አሰልጣኝ ሲጠላ ደብዳቤ አይጽፍም፤ «ልቀቅልን» ለማለት እንዲህ ያለ የቀልድ ሰሌዳ ይተክላል። ማታ ዌንደል ሲመጣ አየውና ትከሻውን ነቀነቀ። ብንነቅለው ሁለት ይዘው ይመጣሉ፣ ተይው አለኝ። ተውኩት።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ትዳር ሰባት ከተማ ቀያይረናል። አምስቱን የለቀቅነው ተባረን ነው። ሰው አዲስ ከተማ ሲገባ ሐኪምና ዳቦ ቤት ያጠያይቃል፤ እኔ የማጠያይቀው ባዶ ካርቶን የሚሰጥ ሱቅ ነበር። ኦርዴል ከገባን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው፣ ግማሹ ሳህኔ ገና ከካርቶን አልወጣም። ቅዳሜ ቅዳሜ ስታዲየም ስቀመጥ ደግሞ ከኋላዬ አንድ ከብት አርቢ ነበር፣ የማን ሚስት እንደሆንኩ አሳምሮ የሚያውቅ።

«እመቤት፣ ለባልሽ ንገሪልኝ፤ የኔ ላሞች እንኳ ከነዚህ ልጆች የተሻለ ተሰልፈው ይገባሉ» ይለኛል። ዙሪያው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ምን ላድርግ።

ማክሰኞ በሩ ተንኳኳ። ቆማ የጠበቀችኝ ዕድሜዋ ወደ ሰባ የሚጠጋ፣ አጭር፣ ወፍራም ሹራብ የለበሰች ሴት ናት። ኢርማ ክሎስ እባላለሁ አለች። ሠላሳ ዓመት ዊስኮንሲን ውስጥ የትምህርት ቤት አውቶብስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ ወጥታለች፤ እዚህ የመጣችው ከልጇ አጠገብ ለመኖር ነው። የፉትቦሉን ነገር አታውቅም።

«ሰሌዳውን አይቼ ነው። ካላመቸዎት ሌላ ቀን እመለሳለሁ።»

ቀልድ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «ይግቡ» የሚል ነበር።

ክፍል በክፍል አዞርኳት። ግድግዳውን በጣቷ አንኳኳች፣ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፍታ ዘጋች፣ አውሎ ነፋስ ሲመጣ የምንደበቅበትን ምድር ቤት ወርዳ አየች። ቤቱን ለቀን ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀችኝ። ገና አልወሰንንም አልኳት። ይህን ስል ደረቴ ቀለል አለኝ፣ በመስኮት ነፋስ የገባ ይመስል። ኢርማ ቤቱን ወደደችው። ብዙ ሳንከራከር ተስማማን፤ ኅዳር መጨረሻ ላይ ልንለቅላት።

ያለ ዌንደል ፊርማ ግን ሽያጩ አይሆንም። ሐሙስ ማታ የሽያጩን ወረቀት ይዤ ሳሎን ገባሁ። እሱ የሚቀጥለውን ተጋጣሚያችንን ጨዋታ በቴሌቪዥን እያሯሯጠ፣ እያቆመ፣ እየመለሰ ያያል።

«አንብበው» አልኩት።

«አንቺ አንብበሽዋል?»

«አንብቤዋለሁ።»

«እንግዲያ ምን ቀረ» ብሎ ፈረመ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሳ።

ቅዳሜ ገና ጨዋታው ከመጀመሩ ኳስ የሚወረውረው ተጫዋቻችን የእጁ አንጓ ተሰበረ። የሚተካው ልጅ አሥር እርምጃ እንኳ አስተካክሎ መወርወር አይችልም። ዌንደል ሌላ ምርጫ ስላልነበረው መወርወሩን እርግፍ አድርጎ ተወው። ከፊት ያሉት ግዙፎቹ ልጆች እየገፉ መንገድ ከፈቱ፤ ኢሳያ ቦድሮ የሚባል ድንክዬ ልጅ ኳሷን እንደ ሕፃን ታቅፎ በመካከላቸው ሾለከ። አሥራ ሰባት ለአሥራ አራት አሸነፍን። በማግስቱ ሰሌዳው ከሣሩ ላይ የለም። ማን እንደወሰደው አላወቅንም።

የሚቀጥለውንም አሸነፍን። የሚቀጥለውንም። ከብት አርቢው የላም ኩበት የሚያክል የቸኮሌት ኬክ አምጥቶ አጋራኝ። እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ። የታጠበ ኩባያ ደግሜ አጥባለሁ። መኪና አስነስቼ ወደ ገበያ እሄድና ምን ልገዛ እንደመጣሁ ይጠፋኛል። አመሻሽ ላይ ከተማዋን በእግሬ ሦስት ጊዜ እዞራለሁ። ቤቱን መሸጤን ለዌንደል ልነግረው እነሳለሁ፤ እሱ እያፏጨ ሲገባ ሳይ እቀመጣለሁ። ዌንደል ሲያፏጭ ከሰማሁ ስድስት ዓመት አልፎኝ ነበር።

ዘጠነኛው ጨዋታ ላይ ኢሳያን ኳሷ ከእጁ አምልጣው ወደቀች። ይህ ልጅ እሑድ እሑድ ቤቴ እየመጣ የሚበላ፣ ሳህኑን ራሱ የሚያጥብ ልጅ ነው። ኳሷ ስትወድቅ ደስ አለኝ። ብንሸነፍ፣ ብንባረር፣ ቤቱን መሸጤ ጥፋት መሆኑ ይቀርና ብልህነት ይሆን ነበር። ልጁ መሬቱን በጡጫ ሲመታ አየሁት። ተነስቼ ወጣሁና ጨዋታው እስኪያልቅ መኪናዬ ውስጥ ቆየሁ። ያለ እኔም አሸነፉ።

አሥረኛውንና የመጨረሻውን ካሸነፍን በኋላ የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ሜዳው ላይ የዌንደልን እጅ ጨብጦ ውሉ ላይ ሦስት ዓመት ጨመረለት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ዌንደል ሜትር ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ። በረንዳ ልሠራልሽ ነው አለኝ፤ ሁልጊዜ ትፈልጊ አልነበር? ጫፉን ያዢልኝ አለ። ያዝኩለት። እንደያዝኩ፣ ያ የፈረመው ወረቀት የቤቱ ሽያጭ እንደነበር ነገርኩት።

ሜትሩ እየተንሸራተተ ወደ እጁ ተጠቀለለ።

«ለምን?» አለ ዌንደል።

«ሰው ሲያባርረኝ ሰለቸኝ፣ ዌንደል። አንዴ እንኳ ሳልባረር በራሴ እግር ልውጣ ብዬ ነው።»

«ከማን ጋር ነበር የምትወጪው?»

ስለ ራሴ ብቻ ሳስብ እንደከረምኩ ያወቅሁት ያኔ ነው።

መኪናውን አስነስቶ ቤቱን እንድትተውልን ሊለምናት ኢርማ ዘንድ ሄደ። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። ሴትዮዋ በትሕትና አነጋግራዋለች፤ ግን የዊስኮንሲን ቤቷን ሸጣ ነው የመጣችው፣ የምትመለስበት የላትም። ዌንደል ደግሞ በሰው ላይ በር መዝጋት አይችልበትም። ሦስት ቀን አላናገረኝም። በአራተኛው ቀን ጠዋት ከፋርማሲው በላይ ሁለት ክፍል የሚከራይ ማየቱን ነገረኝ፤ ደረጃው ቀጥ ያለ ነው፣ ግን መስኮቱ ሰፊ ነው አለ። የተናገረው ይኸው ብቻ ነው።

ዕቃውን ያጓጓዙልን ተጫዋቾቹ ናቸው። ግዙፎቹ ልጆች ቁም ሣጥኑን በዚያ ቀጭን ደረጃ ላይ በአግድምም በቁምም ሞከሩት። ኢሳያ ከታች ቆሞ «አሰልጣኝ፣ እንደ ጨዋታው ነው፣ መግፋት ብቻ!» እያለ ያስቃቸዋል። ባሌ ሳቀ። እኔን ግን አላየኝም።

ክረምቱን ሙሉ እንደዚያው በእግሬ ስዞር ከረምኩ። የካቲት ላይ፣ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ ኮቴን ስለብስ ዌንደልም ጫማውን ማሰር ጀመረ። ወዴት እንደምሄድ አልጠየቀም። ከተማዋን አንድ ጊዜ ዞርን፤ ስለሚመጣው ዓመት ልጆች፣ ማን እንደወፈረ፣ ማን ትምህርቱ እንዳስቸገረው አወራኝ። ኮሌጁ በር ላይ ስንደርስ ቀዝቅዞኝ እንደሆነ ጠየቀኝ።

«አልቀዘቀዘኝም» አልኩት። «አንድ ጊዜ እንድገመው?»

«እንድገመው» አለ።