ሳይነዳ የተሰጠ ሞተር

እህቴ «በር መታኝ» አለችኝ። በዕድሜዬ ብዙ በር አይቻለሁ፤ አምስት ጣት ያለው በር ግን አላጋጠመኝም። አራቱ ጉንጯ ላይ ተጋድመዋል፣ አውራ ጣቱ አገጯ ሥር ሰምጧል።

«የትኛው በር ነው?» አልኳት።

«ወንድም ጋሼ፣ በናትህ ተወው።»

በሩ በማግስቱ በእግሩ ጋራዤ መጣ። ባሏ ነው፤ ሲነዳ ሰው ስለማያይ ሰፈሩ ጄቱ ይለዋል። ያገለገለች ቀይ የስፖርት ሞተር ገዝቶ እየገፋ ነው የገባው።

«አማቼ፣ ይቺ ጉድ ታማለች» አለኝ። «ፍጥነት ስጨምር መሪዋ ይንቀጠቀጣል። ፍሬን ስይዝ ደግሞ ወደ ግራ ትጎትተኛለች።»

«ወድቃ ታውቃለች?»

«አንድም ቀን! ሻጩ በልጆቹ ምሎልኛል።» ኮርቻዋን በጥፊ መታ መታ አደረጋትና ሳቀ። «ሞተር እንደ ሚስት ናት፤ ካልገራሃት ትጥልሃለች።»

በእጄ የያዝኩትን የብሎን መፍቻ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ባላስቀምጠው የት እንደሚያርፍ አውቀው ነበር።

እሱ ሲሄድ ሥራ ጀመርኩ። የኋላ ጎማው መሀሉ ተበልቶ ጠፍጣፋ ሆኗል፤ እሱ ብቻውን ግን እንዲህ አያስጎትትም። የፊቱን ከመሬት አንስቼ መሪውን በሁለት ጣት ሳዞረው መሀል ላይ ቀጭ ብሎ ያዘኝ። መሪው የሚዞርበት የአንገቱ ኩሽኔታ ጎድጉዷል፤ ሞተር ከአንድ ነገር ጋር በኃይል ካልተላተመ ደግሞ እንዲህ አይሆንም። ከኋላ ጎማ ወደ ፊት ሲባጎ ወጠርኩ። ሁለቱ ጎማዎች አንድ መስመር ላይ የሉም። የሻጩ መሐላ እዚያው ገደል ገባ። የነዳጅ ታንከሩን አውርጄ ከአንገቱ ሥር ያለውን ቀለም ቤንዚን በነካ ጨርቅ ፈተግኩት። ቀለሙ ሲለቅ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ብየዳውን ተከትሎ ግማሽ አንገቱን ዞሮት አየሁ።

እንዲህ ያለ ብረት ቀስ ብሎ የሚነዳውን ሰው ለጊዜው ይታገሰዋል። ጄቱ ደግሞ ቀስ ማለት አያውቅም። ቁልቁለቱ ላይ አንዴ ፍሬኑን ጨምድዶ ሲይዝ የፊት ጎማው ለብቻው ይሄዳል፤ እሱ በፊቱ አስፋልቱን ያርሳል። ጥርሱ ሲረግፍ ታየኝ። እነዚያ አምስት ጣቶች ድንጋይ ላይ ሲፈጩ ታየኝ። ደስ አለኝ። ምን እዋሻለሁ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ኩሽኔታውን ቀየርኩ፣ የኋላውን ጎማ እንደምንም ወደ መስመሩ መለስኩ። ከዚያ ብሩሽ አንስቼ ስንጥቁን፣ ልክ ሻጩ እንዳደረገው፣ ቀለም ቀባሁት።

ጄቱ ሞተሩን ሊወስድ ሲመጣ እህቴን ይዟት መጣ። ጥቁር መነጽር አድርጋለች።

«አለቀች?» አለኝ።

«አለቀች።»

«ነድተኸዋል?» አለች እህቴ።

ጋራዡ የአባታችን ነበር። ሁለታችንም መፍቻ እያቀበልን ያደግነው እዚሁ ነው። አባባ የሠራውን ሞተር ራሱ ሳይነዳ ለባለቤቱ አስረክቦ አያውቅም፤ እኔም እስከዚያች ቀን ድረስ አስረክቤ አላውቅም።

«ምን ያደርግልኛል፣ ራሱ ይንዳው» አልኳት።

መነጽሯን አወለቀች። አንዱ ዓይኗ አብጦ ተዘግቷል። በተከፈተው መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ከታንከሩ ሥር ብቅ ያለውን ገና ያልደረቀ ቀለም አየች። ጄቱ ሞተሩን አስነስቶ ተቀመጠ። ድሮ ተለምና እንኳ ሞተር ላይ የማትወጣው እህቴ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ከኋላው ወጣችና ወገቡን ያዘች።

«ውረጂ!» አልኩ። አልወረደችም። ሞተሩ ጮኸ፣ ተፈተለከ።

ሮጥኩ። በሩ ላይ ደርሼ የጄቱን ጃኬት ኮሌታ ጨመደድኩና በሙሉ ክብደቴ ወደ ኋላ ወደቅኩ። ሦስታችንም ከነሞተሩ ሲሚንቶው ላይ ተከመርን። እህቴ በዳሌዋ ወድቃ ጮኸች። ጄቱ ቀድሞኝ ተነሳ። በቡጢ አፌን ሲለኝ አንድ ጥርስ ምላሴ ላይ ተንከባለለ። ጎኔን በጫማው ደጋገመው።

«አብደሃል? ልትገለኝ ነው?»

እየዳህኩ ሄጄ ትልቁን መዶሻ አነሳሁ። ለእሱ መስሎት ወደ ኋላ ሸሸ። እኔ ግን የወደቀውን ሞተር አንገት መታሁት። ደገምኩት። ደም እየተፋሁ፣ እጄ እስኪደነዝዝ ቀጠቀጥኩት። በመጨረሻ አንገቱ ስንጥቁን ይዞ ተበጠሰ፤ ጎማና መሪው ለብቻው ተጋደመ።

ጄቱ የተበጠሰውን ብረት አየ። ጠርዙ ግማሹ አሮጌ ዝገት ነው።

«ታውቅ ነበር» አለ።

«አውቅ ነበር።»

ወደ እህቴ ዞረ። «አንቺም!» እጁን አነሳ። እኔን ስለፈራ ንዴቱን በእሷ ሊወጣው ነው፤ እንደ ልማዱ። እሷ ግን መዶሻውን ካስቀመጥኩበት አንስታዋለች፤ በሁለት እጇ፣ ከትከሻዋ በላይ።

«በላ፣ ያቺን ጥፊህን አሳርፋት» አለችው።

እጁ አየር ላይ ቆየ። አንገቱ ሥር ያለው ደም ሥር ሲዘል ይታየኛል። ከዚያ እጁን አውርዶ፣ እናታችንን ሰድቦ፣ በእግሩ ወጣ። እሷ መዶሻውን ያወረደችው ኮቴው ከጠፋ በኋላ ነው።

እያነከሰች መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና አፌን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችልኝ።

«ሞተሩ ላይ ባልወጣ ኖሮ ትሮጥ ነበር?» አለችኝ።

ልዋሻት ፈልጌ ነበር። ያን የተዘጋ ዓይኗን እያየሁ አልቻልኩም።

«አልሮጥም ነበር።»

«ለዚያ ነው የወጣሁት» አለች።