የአበልጃችን ጆሮ

ይሉኝታ ሰው ይገድላል ስል የሚስቁብኝ አሉ። ይሳቁ። እኔ ባሌን ቀብሬ ነው የማወራው።

ጸዳለ እባላለሁ፤ እዚሁ ለንደን የባስ ሾፌር ነኝ። ባሌ ደምመላሽ ደግሞ በቫኑ ከቶተንሃም በርሚንግሃም ዕቃ ያመላልስ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ቫኑ ከኋላ በኩል ድምፅ ጀመረው። አብሬው ተሳፍሬ አዳመጥኩት። ነዳጅ ሲረግጥ ያላዝናል፣ እግሩን ሲያነሳ ዝም ይላል። ፈጠን ሲል ወለሉ ከእግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል።

«ደሜ፣ ይሄ ዲፈረንሻል ነው» አልኩት። «ጎማ ቢሆን እግርህን ብታነሳም ይጮህ ነበር። የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው የውስጡ ጥርስ ተበልቷል። አንድ ቀን የኋላ ጎማዎቹን ቀጥ አድርጎ ይይዝና ይገድልሃል።»

«ለጋሽ ኣብራሃ አሳየዋለሁ» አለኝ።

ጋሽ ኣብራሃ የአስመራ ሰው ናቸው፤ ቶተንሃም ከባቡር ሐዲዱ ሥር ጋራዥ አላቸው። በወጣትነታቸው የምፅዋን ቁልቁለት የሚወርድ የጭነት መኪና በሽታ በድምፁ ብቻ ይናገሩ ነበር ይባላል። ልጃችንን ኖላዊን ክርስትና ያነሱት እሳቸው ናቸው። ግን ጆሯቸው ከከዳቸው ሰንብቷል። ይህን የማያውቅ ሐበሻ ሰፈራችን ውስጥ የለም። ሁሉም ጠጋ ብሎ ይጮህላቸዋል፣ እሳቸውም ከንፈር እያዩ ይመልሳሉ፣ ከዚያ ሁሉም ምንም እንዳላየ ወደ ቤቱ ይገባል።

አብሬ ሄድኩ። ቫኑን በክሪክ አንስተው ጎማውን አሽከረከሩት። የካቻቢቴ ጫፍ ጎማዎቹን በሚያገናኘው አክስል ላይ አሳርፈው እጀታውን ወደ ጆሯቸው አስጠጉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ።

«ጎማ ነው» አሉ። «የኋላዎቹን ሁለቱንም ቀይር።»

«ጋሼ፣ የሚጮኸው ነዳጅ ሲረግጥ ብቻ እኮ ነው» አልኩ ጮክ ብዬ። ደምመላሽ ክንዴን ቆነጠጠኝ። እሳቸው ፈገግ አሉና «አዎ፣ አዎ፣ ጎማ ነው» አሉኝ።

ስንመለስ ተጣላን። ሌላ ጋራዥ ወስደህ ቼክ አስደርገው አልኩት።

«አበልጁን አላመነም ልባል? ሽማግሌውን በቁማቸው ልግደላቸው?»

«አንተ ትሞታለህ እኮ።»

ሳቀብኝ። ጎማ ቤት ሄዶ ጎማዎቹን ቀየረ፤ ድምፁ ግን ያው ነው። «ቀይሬዋለሁ» ቢላቸው እሳቸው ሳይሰሙት «አዎ፣ ጎማ ነው፣ ቀይር» አሉት፣ እሱም አሜን ብሎ ተቀበለ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል።

ሐሙስ ማለዳ ሞተርዌይ ላይ ዲፈረንሻሉ ነከሰና የኋላ ጎማዎቹ ቀጥ አሉ። ቫኑ ዞሮ ቆመና ከኋላ የሚመጣ ከባድ መኪና ገባበት። ፖሊሶቹ ቤቴ ሲመጡ ኮፍያቸውን አውልቀው ነበር፤ ሳይናገሩ ገባኝ።

ለቅሶው ላይ ጋሽ ኣብራሃ አጠገቤ ተቀምጠው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ለገባ ለወጣው ሁሉ «ጎማውን ቀይር ብዬው ነበር» ይላሉ። «ሳይቀይር ቀርቶ ነው።»

ደሜ ሞቶም ጥፋተኛው እሱ ይሁን? ፊታቸውን በሁለት እጄ ይዤ ወደ እኔ አዞርኩና፣ ከንፈሬን እንዲያዩ ቀስ ብዬ ተናገርኩ።

«ቀይሮታል፣ ጋሼ። የገደለው ዲፈረንሻሉ ነው። እርስዎ አይሰሙም። መስማት ካቆሙ ቆይተዋል።»

ጎረቤቴ ጌጤነሽ «ተዪ አንቺ፣ ሐዘን ነው» እያለች ቀሚሴን ጎተተችኝ። እሳቸው አልተቆጡም። ለካ ደብቄዋለሁ ብለው ነው የኖሩት።

«ማን ያውቃል?» አሉ።

«ሁሉም።»

ሰዉን አንድ በአንድ አዩት። ሁሉም አቀረቀረ።

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

ወደ እኔ ዞረው ከንፈሬ ላይ አፈጠጡ።

«ደምመላሽስ?»

ልዋሻቸው ፈለግሁ፣ አልሆነልኝም።

«ያውቅ ነበር» አልኳቸው። «አውቆ ነው ቫኑን ያመጣልዎት።»