የአሪፋ ሳሎን ግድግዳ

ሐይቅ ከተማ ቀለም የፈለገ ሰው ወደ እኔ ነው የሚመጣው። መስኡዳ እባላለሁ። ሱቄ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከባጃጆቹ ማቆሚያ ፊት ለፊት ነው። አፏ አያርፍም ይሉኛል፤ ይበሉኝ። ቀለም የሚገዛ ሰውም ትዕግሥት ያስጨርሳል። «ነጭ ስጪኝ፣ ግን ነጭ አይሁን» ይልሻል። ክሬም ስታወጪለት ደግሞ «ይሄማ ቢጫ ነው» ብሎ ይቆጣሻል።

የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻም ያው ክሬም ነው። ድሮ ከአንድ ፋብሪካ ብቻ የሚመጣ ክሬም ነበረን። ለጋ ቅቤ የመሰለ፣ ቤቱን ሞቅ የሚያደርግ ቀለም ነበር፤ የከተማው ሳሎን ሁሉ በሱ ነው የተቀባው። የቀቡትም አንድ ሰው ናቸው፤ ጋሽ አስረስ፣ የአምባሰሉ። የፋብሪካው መኪና ወደኛ መምጣቱን ካቆመ ወዲህ ግን የሌሎቹን ነው የማመጣው። ሁሉም ቆርቆሮው ላይ ክሬም ብለው ይጽፋሉ። ሲከፈት አንዱ ወደ ሎሚ ያደላል፣ አንዱ ወደ ሮዝ፤ አንዱ ደግሞ ጭራሽ ነጭ ነው። እርጥቡን ወደድሽው ስትዪ፣ ሲደርቅ ሌላ ሆኖ ይጠብቅሻል።

ለጋሽ አስረስ ግን ይህ ችግር አልነበረም። ሱቄ ደጃፍ ቁጭ ብለው ቢጫ ጠብ፣ ቡኒ ጠብ እያደረጉ ይበጠብጣሉ፤ ካርቶን ላይ ቀብተው ፀሐይ ላይ ያደርቁታል፤ ከድሮው ግድግዳ ጋር አንድ እስኪሆን አይነሱም። የተጠገነው ቦታ የት እንደነበር ባለቤቱ ራሱ ጠፍቶት ሲፈልግ አይቻለሁ።

አሪፋ ጎረቤቴ ናት። የልጇ የሒክማ ኒካህ ሲቃረብ ሳሎኗ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው ቧንቧ አፈሰሰ። ቧንቧ ሠራተኛው ከመስኮቱ አጠገብ የትሪ ያህል ፈልፍሎ ጠገነና ልስኑን መልሶለት ሄደ። የቀረው ቀለሙ ነው። ጋሽ አስረስ ከኔ ቀለም ወስደው ሲበጠብጡ ዋሉና ቀቡት።

ሲደርቅ ላየው ሄድኩ። ምን ልበልሽ፣ ግድግዳው ክሬም፣ የተጠገነው ነጭ። መስኮቱ ወደ ሐይቁ ስለሆነ የሚገባው ብርሃን ጭራሽ አጋልጦታል፤ ከደጅ ይታያል። ጋሽ አስረስ ፊት ለፊቱ ቆመው ብሩሻቸውን ይጠርጋሉ፤ ደስ ብሏቸዋል። አሪፋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «ማሻአላህ ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። አንድ ሆነ እኮ» ትላለች።

እሳቸው ከመውጣታቸው አሪፋ ጥልፍ ጨርቅና ምስማር ይዛ መጣች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አልኳት።

«ልሸፍነዋ። እኒህን ሰውዬ ላሳፍራቸው ኖሯል?»

«አላዩትም እንዴ?»

«ዓይናቸው ነው መስኡዳ። ሞራ ይዞታል። ለሳቸው ነጩም ክሬሙም አንድ ሆኗል። ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ አንቺ የት ነበርሽ?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በቅርቡ ግድግዳ ያስጠገነው ኑርዬ ቤት የቀን መቁጠሪያ ከጉልበት ዝቅ ብሎ ተሰቅሎ አይቼ፣ «ድመቷ ቀን ትቆጥራለች?» ብዬ ስቄበት ነበር። አብደላ ዘንድ ደግሞ መስታወት ከበሩ ኋላ፣ ሰው በማያይበት ጥግ ተሰቅሏል። ለካ ሰዉ የጋሽ አስረስን ነጭ እየሸፈነ ነው። ያ ሁሉ ሰው ፊት ለፊታቸው ቆሞ መርቋቸዋል። እሳቸውም ምርቃቱን ሰምተው ዓይናቸው ደህና እንደሆነ አምነዋል።

ንድድ አልኩ። «ይሉኝታችሁ ይህን ሰውዬ ሊያሳውራቸው ነው» አልኳት። «አጎቴን እንዲህ ዝም ስንለው ከርሞ ሐኪም ዘንድ ሲደርስ አልፎበታል አሉን። ሞራ እኮ በጊዜው ከሄዱ ደሴ ይገፈፋል።»

«እና ማን ይንገራቸው?» አለች። «አንጀቴ አይችልም።»

በማግሥቱ ጋሽ አስረስ ሱቅ ሲመጡ ገና ሳይቀመጡ ነገርኳቸው። «ጋሼ፣ የአሪፋ ግድግዳ አንድ አልሆነም።»

«እንዴት አይሆንም?» አሉ። «ቢሆን ቢሆን የዚህ የአዲሱ ፋብሪካ ነገር ነው። ሲደርቅ ይከዳል።»

ሁለት የቆርቆሮ ክዳን አወጣሁ። አንዱ ላይ ክሬም ደርቆበታል፣ አንዱ ላይ የኮርኒስ ነጭ። «የቱ ነው ክሬሙ?» አልኳቸው። ወደ ፀሐይ ወጡ። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት፣ አራቁት፣ አጋድመው አዩት። ይህን ሳይ ባልጠየቅኳቸው ብዬ ነበር።

«ሁለቱም ክሬም ነው» አሉ።

«አንዱ ነጭ ነው ጋሼ። ዓይንዎን ይታከሙ።»

ክዳኖቹን ጠረጴዛዬ ላይ ጣሏቸው። «ትቀልጂብኛለሽ? ትናንት አሪፋ አይታ መርቃኛለች። ውሸታም ናት ልትዪኝ ነው?»

«እንሂድና እንጠይቃታ» አልኩ።

ተያይዘን ሄድን። አሪፋ በር ከፍታ ሁለታችንን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። ጋሽ አስረስ ቀጥ ብለው ጨርቁ ዘንድ ሄዱ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ለኒካሁ ነው ጋሼ። እንዲያምር ብዬ» አለች።

ጨርቁን ገለጥ አድርገው በመዳፋቸው ዳበሱ። አዲሱ ልስን ከአሮጌው ጋር የተጋጠመበትን ጣታቸው ወዲያው አገኘው። ፊታቸውን አስጠግተው ቆዩ። ከዚያ ዘወር ሳይሉ፣ «አንድ ነው አይደል አሪፋ?» አሏት።

«አንድ ነው እንጂ ጋሼ።»

«ወላሂ በይ።»

አሪፋ ለሰው አዝና ትዋሽ ይሆናል፤ በአላህ ስም ግን ብትሞት አትዋሽም። አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። ሻርፗን አስተካከለች። እኔንም አየችኝ፣ መሬቱንም አየች።

«በቃ፣ ሰማሁ» አሉ ጋሽ አስረስ። ጨርቁን ለቀው ፍራሹ ጫፍ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ባለቤቴ የሺሀረግ ደሴ እንሂድ ስትል ከርማለች። ሞኝ አይደለሁም፣ ዓይኔ እንደደከመ አውቄዋለሁ። ግን ሐኪም ዘንድ እስካልሄድኩ ድረስ ቀለም ቀቢ ነኝ። ሄጄ፣ አልፎበታል ቢሉኝስ? ያን ጊዜ ምንድን ነኝ?»

ሄጄ አጠገባቸው ፍራሹ ላይ ተቀመጥኩ።

አሪፋ ሄዳ ጨርቁን ከነምስማሩ ነቅላ አወረደችው።

«ይሄ ግድግዳ አላለቀም» አለች። «እርስዎ ደሴ ሄደው፣ ታክመው መጥተው ይጨርሱታል። ሌላ ሰው አላስነካውም።»

«ኒካሁስ?»

«ኒካሁም እንዲሁ ሆኖ ይታሰራል።»

«ኧረ ተይ፣ የአማቾችሽ ወገን ምን ይላል? የሙሽራ ቤት እኮ ነው።»

«ቀቢው ሕክምና ሄዷል፣ ሲመለስ ይጨርሰዋል እላለኋ።»

ጋሽ አስረስ በጣም ቀስ ብለው፣ «ባልድንስ?» አሉ።

«ባይድኑም ግድግዳዬ እንዲሁ ይኖራል» አለች አሪፋ። «ወላሂ።»

በዚያው ሰሞን ከእትዬ የሺሀረግ ጋር ሚኒባስ ተሳፍረው ደሴ ሄዱ። የሒክማ ኒካህ እሳቸው እዚያው እያሉ ታሰረ። ሳሎኑ በሰው ተሞልቶ ያ ነጭ ከመስኮቱ አጠገብ ተገትሮ ይታያል። ከወንዱ ወገን የመጣች አንዲት ሴትዮ ደጋግማ አየችውና፣ «ቆንጆ ቀቢ እኮ አለን፤ እንላክልሽ?» አለቻት። አሪፋ ድምጿን እንኳ አልቀነሰችም። «የኔ ቀቢ ዓይኑን ሊታከም ሄዷል፣ ግድግዳው የሱ ነው» አለች። የሰሙት አሮጊቶች እዚያው እንደተቀመጡ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉላቸው።

ጋሽ አስረስ ከደሴ ሲመለሱ ከሚኒባሱ ወርደው ቤታቸው አልገቡም። እትዬ የሺሀረግ «ጥቂት ይረፉ እንጂ» እያሉ ከኋላ ሲከተሏቸው አይቼ ሱቄን ለጎረቤት ትቼ ሮጥኩ። አሪፋ ሳሎን ስደርስ ጋሽ አስረስ ጥቁር መነጽራቸውን አውልቀው ግድግዳው ፊት ቆመዋል። አንደኛው ዓይናቸው ሞራው ተገፍፎለት፣ ቀይ ሆኖ፣ ግን ጥርት ብሎ ያያል። አሪፋ በሩ ሥር ቆማ እጇን ታፍተለትላለች።

«ይሄ ነው?» አሉ።

«ይሄው ነው ጋሼ» አልኩ።

«ይሄማ የሊጥ ፍንጣቂ ነው እንጂ ቀለም ነው?» ወደ አሪፋ ዞሩ። «ይህን እያየሽ ነው እጅዎ ይባረክ ያልሽኝ?»

አሪፋ በሻርፗ አፏን ሸፈነች።

«ኑርዬ ቤትም እንዲህ ነው?»

«እንዲህ ነው» አልኩ።

«አብደላም ዘንድ?»

«አብደላም ዘንድ፣ ሁሉም ጋ።»

መልሰው ወደ ግድግዳው ዞሩ። «ይህን እያዩ ዝም አሉኝ» አሉ። «አንድ ሰው እንኳ ክፉ አልተናገረኝ። እንዲህ ይወዱኝ ኖሯል?» ይኸኔ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

«ኧረ ጋሼ፣ ሐኪሙ ዓይንዎን ውኃ አይንካው ብሎ የለም?» ብዬ ተቆጣሁ፤ እኔም እያለቀስኩ ስለነበር ቁጣው በደንብ አልወጣልኝም። እትዬ የሺሀረግ በነጠላቸው ጫፍ ሊጠርጉላቸው ሲሉ ጋሽ አስረስ እጃቸውን ያዝ አደረጓቸውና ግድግዳውን ማየታቸውን ቀጠሉ።