ዱጉማ ተመከረ

አቃቂ በሰቃ በነበረው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ «ተመከረ» ማለት አለቀለት ማለት ነበር። መጀመሪያ ትመከራለህ፣ ቀጥሎ ይጻፍብሃል፣ ከዚያ ጓዝህን ጠቅልለህ ወደ ቤትህ! ታዲያ አስተዳደሩ ምን ቢያስብ ጥሩ ነው? ከክሊኒኩ አጠገብ አንዲት ክፍል አጽድቶ በሯ ላይ «የሠራተኞች ምክር ክፍል» ብሎ ለጠፈ። ችግር ያለበት ይግባ፣ የተናገረው ከክፍሏ አይወጣም ተባለ። ወይ ጉድ! በገዛ እግሩ ሄዶ የሚመከር ሞኝ የት ይገኛል? የክፍሏ ኃላፊ ወይዘሮ አስካለማርያም ሦስት ወር ሙሉ ብቻቸውን ተቀምጠው ሁለት ሹራብ ሠርተው ጨረሱ።

ክፍሏን ከሁሉም አብልጦ የሚሸሻት ዱጉማ ነበር። ሥራው ባቡር ማሳለፍ ነው። ጥጥ የጫነው ባቡር ከዋናው ሐዲድ ተገንጥሎ ወደ ፋብሪካው ሲገባ የመኪናውን መንገድ ያቋርጣል፤ ዱጉማ ፉጨቱን ሲሰማ ሰንሰለቱን ዘርግቶ፣ ቀይ ጨርቁን ከፍ አድርጎ ሰውና ጋሪ ያቆማል። ችግሩ፣ ፉጨቱን መስማት ካቆመ ሁለት ዓመት አልፎታል።

እንዴት ይሠራል ታዲያ? በቡቺ ነዋ! ቡቺ ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት ሻይ የምትሸጠው የፈለቀች ውሻ ናት። ባቡሩ ገና ከሩቅ ሲያፏጭ ጆሮዋ ቀጥ ይላል፤ ዱጉማም ሰንሰለቱን ይዘረጋል። ይህን የምታውቀው ሚስቱ ዳሲቱ ብቻ ናት።

«ሂድና ንገራቸው አንተ ሰው! ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ነው» ትለዋለች።

እሱም ከንፈሯን አይቶ፣ «አምስት ልጅ የማሳድገው በዚያች ውሻ ጆሮ ነው፤ ተይኝ!» ይላታል።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቡቺ ከቦታዋ ጠፋች። ለካ የፈለቀች ጓዳ ውስጥ ገብታ ስድስት ቡችላ ወልዳ ኖሯል። ዱጉማ አጎንብሶ ከፈለቀች አግዳሚ ሥር ሲፈልጋት መሬቱ ተንቀጠቀጠበት። ቀና ሲል ባቡሩ ደርሷል፤ ሰንሰለቱ አልተዘረጋም፤ የባለጋሪው የኦልጅራ ጋሪ ሽንኩርት እንደጫነ ሐዲዱ መሀል ነው። ዋቃዮ፣ አምላኬ! ሮጦ የፈረሱን ልጓም ጎተተ። ጋሪው ለጥቂት ተረፈ፤ ሽንኩርቱ ግን እስከ ፋብሪካው በር ድረስ ተንከባለለ።

የጥበቃ አለቃው አምባው ሁሉንም አይቷል። የሰውዬው ድምፅ እንኳን እዚያው ላለ ሰው ሳሪስ ድረስም ይሰማል። «ነገ ጠዋት ምክር ክፍል!» ብሎ ጮኸ። ይህቺን እንኳ ዱጉማ በደንብ ሰማት።

በማግስቱ የበዓል ካፖርቱን ለበሰ፣ ዳሲቱን ዘማች ይመስል ተሰናበተና ሄደ። ገብቶም ቀይ ጨርቁንና የሰንሰለቱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ።

«ይረከቡኝ እሜቴ። አሥራ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ሳይጻፍብኝ በፈቃዴ ልሂድ።»

ወይዘሮ አስካለማርያም ሹራባቸውን አስቀመጡ። «ምኑን ነው የምረከብዎት?»

«ተመክሬ የለም እንዴ?»

«ኧረ ገና አፌን መቼ ከፈትኩ!» ብለው ሳቁ። ዓይኑ ከከንፈራቸው አለመነቀሉን ልብ ብለው ወንበራቸውን ሳቡና ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «የእኔ ሥራ መስማት ነው እንጂ መጻፍ አይደለም። ምን ሆነው ነው?»

ዱጉማ ሊዋሽ አስቦ ነበር፤ ከአፉ የወጣው ግን ቡቺ ሆነች። አንዴ ከጀመረ ማን ያቁመው? ስለ ጆሮው፣ ስለ ልጆቹ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለተሸከመው ፍርሃት ዘረገፈው። «ትናንት ሽንኩርት ነው እሜቴ፤ ነገ ሰው ቢሆንስ?» አለና እንባው ዱብ ዱብ አለ። አፈረ፤ ግን ቀለለው።

እሳቸው ግን ሌላ ነገር ይዘዋል። «የውሻዋ ጆሮ የሚታይዎት ከምን ያህል ርቀት ነው?»

«ከሠላሳ እርምጃ።»

«በሉ እንግዲህ፣ ይህን ዓይን ማን ያባርራል?» አሉ።

የክሊኒኩ ሐኪም መርምሮት የግራ ጆሮው ድኖ አይድንም፣ ቀኙም ግማሽ ነው አለ። ወይዘሮ አስካለማርያም ለአስተዳደሩ የነገሩት ዱጉማ የፈቀደላቸውን ያህል ብቻ ነበር፤ ሰንሰለቱ ደህና ለሚሰማ ሰው ተሰጠ፤ ዱጉማም ደመወዙ ሳይነካ ጨርቅ መርማሪ ሆነ። የተበጠሰች ክር ከእሱ ዓይን አታመልጥም። ሰዉ ግን አላመነም። «ተመክረህ እንዴት አልተባረርክም?» እያለ ያደርቀዋል።

በወሩ ዱጉማ ለምሳ ሲወጣ አምባው ምክር ክፍሏ በር ላይ ቆሞ ግራ ቀኝ ሲያይ አገኘው። ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ፣ በሹክሹክታ፣ «ዱጉማ፣ እዚህ... የቤት ጣጣም ይሰማሉ? ሚስቴ ጥላኝ ከሄደች ወር ሆነኝ። ለሰው እንዳታወራ ብቻ» አለው።

ዱጉማ ከንፈሩን እያየ እያንዳንዷን ቃል ለቅሟታል። ቢሆንም እጁን ከጆሮው ኋላ አደረገ።

«ምን አሉኝ አቶ አምባው? እኔ እኮ አልሰማም» አለና በሩን ከፈተለት።