ከመቃጠሉ በፊት ቁረጡት

...ቁረጡ ይላል አለቃችን፣ ዝም ብላችሁ ቁረጡ፣ አፉን ሞልቶ፣ እኔም እንደ ጅል መቀሱን አንስቼ ሦስቱን ቆርጫለሁ፣ ሦስት አዲስ ብርድ ልብስ፣ እጄ ይሰበር፣ ባለፈው ወር እዚሁ ማሽን ላይ ተጎንብሼ የሰፋሁትን።

አልተሸጠም አለን አለቃችን። መጋዘኑ ሞልቷል፣ በነፃ ካደልን ገበያው ይወድቃል፣ ስለዚህ ተቆራርጦ ከፋብሪካው ጀርባ ይቃጠላል። ይውደቅ! ወድቃ የተኛችው እናቴ ናት፣ ዛሬ ጠዋት ሆስፒታል አልጋ ላይ ስትንቀጠቀጥ ነርሷን እባክሽ እህቴ አንድ ብርድ ልብስ ብላት፣ ከቤት አምጪላት አለችኝ፣ እኛ ጋ ለሁለት በሽተኛ አንድ ነው ያለን፣ እሷስ ምን ታድርግ፣ ሹራቤን አውልቄ ደርቤላት መጣሁ፣ መጥቼም ቁረጪ ተባልኩ።

ጥጡ ስንት ውሃ ጠጥቶ አደገ፣ ማቅለሚያው ወንዙን ስንቴ አቀላው፣ የኔ ወገብ፣ አጠገቤ የምትሰፋዋ ልጅ ዓይን፣ ያ ሁሉ ለእሳት። ጭሱስ? ጭስ በር ላይ መታወቂያ አይጠየቅም፣ ሁላችንም ሳንባ ውስጥ ነው የሚገባው፣ የአለቃችን ልጆችም ሳንባ ውስጥ፣ ወይስ ለነሱ ሌላ ምድር ተገዝቶላቸዋል? ስብሰባ ላይማ ማን ብሎት፣ ዘላቂ ልማት፣ የተፈጥሮ ሀብት አጠባበቅ፣ ግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር አረንጓዴ ቅጠል እያበራ። ቅጠሉን ይብላው።

ምን ቆመሽ ታያለሽ፣ ይለኛል። አራተኛው እጄ ላይ ነው። ግራጫ። ወፍራም።

አልቆርጥም።

ማነው የተናገረው፣ እኔ ነኝ እንዴ። ምን አልሽ? ይላል። አልቆርጥም ጌታዬ፣ ለሆስፒታሉ ይሰጥ፣ እኔ ራሴ ተሸክሜ አደርሳለሁ። መመሪያ ነው ሴትዮ! የምን መመሪያ፣ ሰው በብርድ እያለቀ ብርድ ልብስ አቃጥሉ የሚል መመሪያ የጻፈው ሰው እናት የለውም፣ ይህንን ጮክ ብዬ አልኩት ወይስ በሆዴ፣ እንጃ፣ ብቻ ማሽኖቹ አንድ በአንድ ዝም ይላሉ። ጋሼ፣ የቆረጣ ክፍሉ ሽማግሌ፣ ዕድሜውን ሙሉ ለአለቃ እሺ ሲል የኖረው ሰውዬ፣ መነጽሩን ያወልቃል፣ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል፣ የኔም እጅ ደክሟል ልጄ ይላል፣ ለአለቃችን ሳይሆን ለኔ።

ውጡ፣ ሁላችሁም ተባራችኋል! የሚንቀሳቀስ የለም። እንግዲያው እኔው እቆርጠዋለሁ ብሎ መቀሱንም ብርድ ልብሱንም ይነጥቀኛል፣ መቀስ አያያዙን አያውቅም፣ ጠርዙ ላይ ይጫናል፣ ጠርዙ እምቢ ይላል፣ ድርብ ስፌት ነዋ፣ እንደገና ይጫናል፣ ክራቫቱ ትከሻው ላይ ዞሯል፣ ላብ በላብ ሆኗል፣ ከኋላዬ አንዷ ሳቋ ያመልጣታል፣ እኔ አልስቅም፣ እጄን አጣምሬ አየዋለሁ፣ ይቁረጥ፣ እስኪ ይቁረጥ፣ መጋዘን ሙሉ አለለት፣ ማንም አያግዘውም፣ ማንም...