የደመላሽ በርሜል

ሽማግሌው ደመላሽ ወናጎ ባለው ቤቱ ጓዳ ውስጥ አንድ ሰማያዊ የላስቲክ በርሜል አቁሞ በቆሎ ሞላበት። ክዳኑን ጠመዘዘ፤ ዙሪያውን በጧፍ ሰም ደፈነ፤ ከላይ ድንጋይ ጫነበት። ነቀዝ አየር ካጣ ይሞታል ሲሉ ሰምቷል። በልጅነቱ ወሎ ውስጥ በረሃቡ ዘመን ጎተራ ሲጠረግ፣ ጥራጊው ሲነፋ፣ በመጨረሻም የምትነፋዋ ሴት ራሷ ስትወድቅ ያየ ሰው ነው። ስለዚያ አያወራም። እህል ግን ያስቀምጣል።

ጎረቤቱ ሳሮን፣ የጌዴኦ ልጅ፣ በጓሮ በር ብቅ ብላ ሳቀች።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ለምንድን ነው?»

«ለክፉ ቀን።»

«በኢየሱስ ስም! ክፉ ቀንን አይጥሩት፤ ሰምቶ ይመጣል።»

«ሳይጠሩትም ይመጣል።»

«እንሰት ጓሮ ቆሞ ማን ይራባል? የእኛ ጎተራ ሥር አለው።»

«የእኔ ደግሞ ክዳን አለው» አለና በሩን ዘጋ።

ክረምቱ ከበደ። የደመላሽ ልጅ ራሄል ልትታረስ ከዲላ አባቷ ቤት መጣች፤ እዚያው ወናጎ ጤና ጣቢያ ሴት ልጅ ተገላገለች። ወዲያው ተራራው ተንዶ የዲላን መንገድ ዘጋው። ባሏ እዮብ በዚያ ማዶ ቀረ። ጭነት መኪና መምጣት አቆመ፤ የሱቆቹ መደርደሪያ ተራቆተ። የቤቱ ዱቄት ሲያልቅ ግን ደመላሽ አልደነገጠም። እንዲያውም ውስጡን ደስ አለው። ቀኑ መጣ፤ እሱም ተዘጋጅቶ ጠበቀው።

ድንጋዩን አወረደ፤ ሰሙን ፋቀ፤ ክዳኑን ከፈተ። ሽታው ገፈተረው። በቆሎው አረንጓዴ ጢም አብቅሎ እርስ በርሱ ተጣብቋል። እጁን እስከ ክርኑ ሰደደ፤ ውስጡ ይሞቃል። ያኔ ገባው። በእሱ አገር እህል ጎተራ የሚገባው ፀሐይ አድርቆት ነው። ይህን ግን በዝናብ ሰሞን ከገበያ ገዝቶ፣ ከነእርጥበቱ አፍኖታል። ነቀዙን ገድሎ ሻጋታውን ቀለበ።

«አባባ፣ ምንድን ነው የሚሸተው?» አለች ራሄል ካልጋዋ።

«ምንም።»

አራሷ ከጠዋት ጀምሮ ከሻይ በቀር የቀመሰችው የለም። ሕፃኗ ጡቱን ትይዛለች፤ ትለቃለች፤ ታለቅሳለች።

በርሜሉን ወደ ጓሮ ሲጎትት ሳሮን በአጥር በኩል አየችው። ልትሳለቅብኝ ነው ብሎ አቀረቀረ።

«ለዶሮዎቼ ይስጡኝ እንጂ፣ ጋሼ።»

«ለዶሮም መርዝ ነው። ልቀብረው ነው።»

ሳሮን በርሜሉን አየች፤ ቀጥሎ ፊቱን አየች።

«አራሷ ምን በላች?»

ደመላሽ በርሜሉን መጎተት ቀጠለ። እሷም መልስ ሳትጠብቅ ዞራ ሄደች።

ስትመለስ በእንሰት ቅጠል የተሸፈነ ጣባ ይዛለች። የቡላ ገንፎ ነው፤ መሐሉ ላይ ቅቤ ቀልጧል። በብብቷ ደግሞ የደረቀ ቡላ ቋጠሮ ሸጉጣለች።

«ይቺ ለሰሞኑ ትሁን» ብላ ቋጠሮውን እጁ ላይ ጣለችለት።

ራሄል ቀመሰች። «ሳሮንዬ፣ ጨው ረሳሽ እንዴ?»

«የት አግኝቼ ልርሳው? ከሱቅ ከጠፋ ሰነበተ። ጓሯችን ሁሉን ያበቅላል፤ ጨው አላበቅል አለ እንጂ!»

ደመላሽ ተነስቶ ጓዳ ገባ። በርሜሉ ከነበረበት በላይ፣ መደርደሪያው ላይ፣ አፋቸው የተወተፈ የጨው ጠርሙሶች ተደርድረዋል። አንዱን ነቅንቆ አየው። ደረቅ ነው፤ ይንሿሿል። ቆንጥሮ ገንፎው ላይ ነሰነሰ። ራሄል ላብ በግንባሯ እስኪወርድ በላች። ሕፃኗም ጠብታ፣ ጠግባ፣ ተኛች።

ሽማግሌው ጣባውን ራሱ አጠበው። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። እስከ አፉ ጨው ሞላበት፤ በጋቢው ከልሎ በዝናቡ ወደ ሳሮን ቤት ተሻገረ።

«ውይ ጋሼ! ይሄ ሁሉ ጨው፣ በሬ ላደልብ ነው?»

«ለጎረቤት አካፍዪበት።»

ሊሄድ ዞረና ቆመ። ብዙ ሊናገር አስቦ ነበር።

«ልጄ በላች» አለ። «እግዜር ይስጥሽ። ልጄ በላች።»

«ነገም ትበላለች። ይግቡ እንጂ፣ ዝናቡ መታዎት!»

ይህን ያህል ዘመን ጎረቤት ሆኖ ያቺን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ሳሮን ዱካ አቀረበችለት፤ እሳቱ አጠገብ ተቀመጠ።