ለኩሽኔታ አንዲት ጠብታ

ዕድሜውን በከባድ መኪና ሆድ ሥር የጨረሰ ሰው ነውና ሰፈሩ ሁሉ «ግራሶ» ይለዋል። ጡረታ ሲወጣ ቤት መዋል አንገሸገሸውና ሚስቱ የጥርስ ሐኪሞችን መቦርቦሪያ በምትጠግንበት ክፍል ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ግራሶን ሥራዋ ገረመው። ሰው እንዴት መቦርቦሪያ ውስጥ ባለች፣ የሸሚዝ ቁልፍ በማታህል ኩሽኔታ ላይ ዓይኑን ይጨርሳል? ያቺ ጉድ ግን አየር ሲነፋባት የምትሽከረከረው፣ የእሱ ጎማዎች በሕልማቸውም በማያውቁት ፍጥነት ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቅር ይለው ነበር። ሚስቱ በዘይት ትሰስታለች። በመርፌ ጫፍ አንዲት ጠብታ ትሰጥና እሷኑ መልሳ በአየር ታስተፋታለች፤ ያውም በመቦርቦሪያዋ ጫፍ ላይ የያዘችው ነጭ ወረቀት ምንም የዘይት ምልክት እስከማይታይበት ድረስ። ግራሶ ደግሞ ጎማ በፈታ ቁጥር ግራሶውን በእፍኙ ሲጠቀጥቅ የኖረ ሰው ነው። ደረቅ ኩሽኔታ ይዞ መንገድ መውጣት ለእሱ ኃጢአት ነው። ስለዚህ እሷ ዞር ስትል፣ በቅን ልቦና፣ ለአንዷ መቦርቦሪያ ጨመር አደረገላት። ጨመር ስንል ደግሞ የእሱን ጨመር ነው።

ከቀናት በኋላ የመቦርቦሪያዋ ባለቤት የሆነው የጥርስ ሐኪም ያቺኑ ይዞ ተመለሰ። ፊቱ ጠቁሯል።

«እትዬ፣ መቦርቦሪያዋ የሰው ጉንጭ ልታቃጥልብኝ ነበር! ጮኸች፣ ወዲያው ጋለች። እኔ እኮ ከእርስዎ እጅ የመጣ ዕቃ ሳልጠራጠር ነው ሰው አፍ ውስጥ የማስገባው። ከእንግዲህ በምን ልመን?»

ሚስቱ መቦርቦሪያዋን ፈታታች። ኩሽኔታዋ ላይ ቡናማ ሙጫ ተጋግሯል። ክሊኒኩ ዕቃውን ከጀርም ለማጽዳት በሚቀቅልበት የእንፋሎት ማሽን ውስጥ፣ የተረፈው ዘይት አርሮ የደረቀ ነው። ሙጫውን አየች፤ ባሏን አየች። ግራሶ ዓይኑን የሚጥልበት አጣ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ለሐኪሙ።

ይሄ ነው የግራሶን አንጀት የቆረጠው። በጆሮዋና በጣቷ ያቆመችውን ስም ለእሱ ስትል ልትጥለው?

«እሷ የለችበትም፣ ዶክተር» አለ። «እኔ ነኝ አብዝቼ ያጠጣኋት።»

ሚስቱ አዲስ ኩሽኔታ አስገባች። ግራሶ ልክ ዛሬ እንዳገኛት ቁጭ ብሎ አያት። ጠብታዋን ሰጠች፣ አስነሳች፣ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች፣ ወረቀቱን አየች፣ ደግማ አዳመጠች። ያ ሁሉ ፍጥነትና ሙቀት የሚያርፈው ለዓይን በማይታይ ስስ ዘይት ላይ ነው፤ ካነሰ ብረቱ ይፋቃል፣ ከበዛ ዘይቱ ራሱ ያግላል። እሱ ስስት ያለው ነገር ለካ ልክ ማወቅ ኖሯል! ይህችን የመሰለች ባለሙያ አጠገቡ አስቀምጦ ነው ስለ ጎማ ሲያወራ የኖረው። ኮራባት፤ በራሱ ደግሞ አፈረ።

ሐኪሙ ግን ዕቃውን ለመቀበል አመነታ። «በሽተኛ ላይ መሞከር እኮ...»

«በእኔ ይጀመር» አለ ግራሶ።

ሚስቱ ክው አለች። መንጋጋ ጥርሱ ተበልቶ ሲያቃስት ከርሞ፣ ክሊኒክ ሲባል ግን ድራሹ የሚጠፋ ፈሪ ነው። ስንቴ ለምናዋለች።

«አንተ? የምርህን ነው?»

«አንቺ በሠራሽው ካልታከምኩ በማን ልታከም?»

መቦርቦሪያዋ ከእንፋሎቱ ወጥታ ስትቀዘቅዝ፣ ግራሶ በክሊኒኩ ወንበር ላይ እጀታውን አንቆ ተጋድሟል። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ዓይኗን ጨፍናለች። የመቦርቦሪያዋ ድምፅ ቀጭንና ለስላሳ ነበር። ሐኪሙ በጣቱ ቢዳስሳት ሙቀት የሚባል አላገኘባትም። ከግራሶ ዓይን ጥግ እንባ ወረደ።

ሐኪሙ ደንግጦ አቆመ። «ጋሼ፣ አመመዎት?»

ግራሶ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። በማደንዘዣው በደነዘዘ ከንፈሩ እየተኮላተፈ፣ «ኧረ ምንም አላመመኝም» አለ። «እጇ ነው የገረመኝ። ንገርልኝ። እኔ በደህና አፌ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ብያት አላውቅም።»

ሚስቱ ዓይኗን ሳትገልጥ ፈገግ አለች።

«ሰምቻለሁ» አለች። «በል አፍህን ክፈት፣ ይጨርስልህ።»